ከትንበያ ወደ ውሳኔ፦ ለሰሜን ጎንደር ዞን አስተዳደር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ጎንደር ዞን አስተዳደር
ደባርቅ

ጉዳዩ፦ የክረምት ትንበያ ሲነገር ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ገንዘብ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚወስን የአሠራር ደንብ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ከዳባትና ከደባርቅ አንሥቶ በሰሜን ተራሮች ዙሪያ እስከ ጃናሞራ፣ በየዳና አዳርቃይ ድረስ የሚኖረው ገበሬ በአብዛኛው ተስፋውን የሚጥለው በአንድ የዝናብ ወቅት፣ በክረምቱ ላይ በመሆኑ፣ ዝናቡ ዘግይቶ በገባበት ወይም ቀድሞ በወጣበት ዓመት ጉዳቱ ከዚያ ዓመት ጎተራ አልፎ ለሚቀጥለው ዓመት ዘርና ለእርሻ በሬው ይተርፋል። ስለ ክረምቱ ጠባይ የአየር ንብረት ሳይንስ ከወራት በፊት የሚለው ነገር አለው፤ አስተዳደሩም ድርቅ ሲደርስ የሚያንቀሳቅሰው መዋቅር አለው። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ትንበያ በተነገረ ጊዜ አንድን ኃላፊ ለአንድ የታወቀ ተግባር የሚያስገድድ ደንብ ነው። ይህ ደብዳቤ የቀረበውም ያንን ደንብ ለመጠየቅ ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ሰኔ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ኤልኒኖ መከሰቱን በይፋ አስታወቀ። ኤልኒኖ የሚባለው በሐሩር ክልል የሚገኘው የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ገጸ ውኃ ከወትሮው በላይ ሲሞቅ የሚፈጠር ክስተት ሲሆን፣ የነፋሱን ዝውውር በማዛባት በብዙ ዓመታት የሰሜን ኢትዮጵያን ክረምት እንደሚያዳክም ይታወቃል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የታየው ይኸው ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ደርሷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በጃናሞራ፣ በበየዳና በአካባቢው ዝናቡ ተቋርጦ አዝመራው ደረቀ፣ ከብት አለቀ፣ ቀዬውን ጥሎ የተሰደደው ሰው በረከተ። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድንና የመገናኛ አውታርን በማወኩ ችግሩ ከፋ። በጥር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልሎች ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በረኀብ መሞታቸውን ገለጸ። ከሰኔው ማስጠንቀቂያ እስከ ጥር ወር መርዶ ያለው ጊዜ ግማሽ ዓመት ያህል ነው፤ ይህ ጊዜ ያለ ሥራ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ርብርብ፣ ሕይወት የሚያተርፍ ቢሆንም፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመባል አያመልጥም።

ለዚህ መዘግየት አንዱ ምክንያት የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። በአገሪቱ በተለመደው አሠራር የመኸር ጥናት የሚካሄደው ሰብሉ በሚሰበሰብበት በኅዳር አካባቢ ስለሆነ፣ የተረጂው ቁጥር የሚታወቀውና እርዳታው የሚጠየቀው ምርቱ ከጠፋ በኋላ ነው። የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ብሔራዊ ፖሊሲና ስትራቴጂ በ2005 ዓ.ም. ሲጸድቅ ግን፣ ትኩረቱ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከሚሰጥ ምላሽ ወደ ቅድመ መከላከል እንዲዞር የሚያደርግ ነበር። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የሚጠየቀው ነገር ከአገሪቱ ፖሊሲ የሚወጣ አይደለም፤ ፖሊሲው በዞንና በወረዳ ደረጃ የሥራ መልክ እንዲይዝ የሚጠይቅ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የትንበያው ባሕርይ ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በግንቦት የሚያወጣው የክረምት ትንበያ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ከፋፍሎ ያሳያል። ለምሳሌ ያህል ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 ከመቶ፣ መደበኛ የመሆን ዕድሉ 35 ከመቶ፣ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 20 ከመቶ ነው ቢባል፣ ትርጉሙ ተመሳሳይ ትንበያ በሚነገርባቸው 100 ክረምቶች በ45ቱ ገደማ የዝናብ እጥረት ይጠበቃል ማለት ነው። ለአንድ ወረዳ ኃላፊ ይህ ቁጥር ብቻውን አስቸጋሪ ነው፤ ገንዘብ አውጥቶ ዝናቡ ቢጥል አባከነ ይባላል፣ ዝም ብሎ ዝናቡ ቢቀር ግን ጥፋቱ የሰማይ ይሆናል። እንዲህ ባለ ሚዛን የሚመዘን ሰው ዝምታን ቢመርጥ አይገርምም። ደንብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ስንት ከመቶ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ምክር ቤት አስቀድሞ ከወሰነ፣ ኃላፊው የሚጠየቀው ዝናቡ በመጣሉ ወይም በመቅረቱ ሳይሆን ደንቡን በመፈጸሙ ወይም ባለመፈጸሙ ይሆናል።

አስቀድሞ የመወሰን አሠራር ለአገሪቱም ለዓለምም አዲስ አይደለም። ከተከዜ ማዶ በትግራይ፣ አዲ ሓ በተባለች መንደር በ2001 ዓ.ም. 200 አባወራዎች የገቡበት የዝናብ ኢንሹራንስ፣ ካሣውን የሚከፍለው የእያንዳንዱን ማሳ ጉዳት ዞሮ በማየት ሳይሆን በሳተላይት የሚለካው ዝናብ አስቀድሞ ከተስማሙበት ወለል በታች ሲወርድ ነበር። በባንግላዴሽም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ የጎርፍ ትንበያን መነሻ አድርጎ፣ ወንዙ ከፍተኛ ልኩ ላይ ከመድረሱ በፊት ገንዘብ ለቅቋል።

ሆኖም ከሌላ ቦታ የተቀዳ ደንብ ለሰሜን ጎንደር እንዳለ አይሠራም፤ ምክንያቱም የዞኑ መልክዓ ምድር ከተከዜ ሸለቆ ቆላ ተነሥቶ፣ በ2,800 ሜትር ገደማ ደባርቅን አልፎ፣ 4,533 ሜትር ከፍታ እስካለው ራስ ዳሽን ይዘልቃል። የአየሩ ሙቀት በየ100 ሜትሩ ሽቅብ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከገብስ አገር ወደ ማሽላ አገር ይደርሳል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ትንበያና አንድ ምክር ማውጣት ለማንም አለማውጣት ነው።

ልዩነቱ በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። በወይና ደጋው ዝናቡ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ካልረጋ ገበሬው ጤፍ ሊዘራ፣ መረሬ አፈር ባለበትም ወደ ክረምቱ መጨረሻ ሽምብራ ሊያስከትል ስለሚችል፣ የሚያስፈልገው ዘሩ በጊዜ መድረሱ ነው። በገብሱ አገር ግን ብርዱ የሰብሉን ዕድገት ስለሚያዘገየው፣ በሐምሌ መጨረሻ እንደገና የተዘራ ገብስ ሳይደርስ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ያገኘዋል፤ ስለዚህ በዚያ ከፍታ ሁለተኛ ዘር ማደል ዘር ማባከን ይሆናል። ለደገኛው የሚጠቅመው ጥቂት በጎቹን በጊዜው መሸጥ መቻሉ ነው። የዝናቡን መጉደል በነሐሴ አጋማሽ የሚያውቅ ቤተሰብ በጎቹ ሥጋ ሳይጥሉ፣ ዋጋ በሚወደድበት በእንቁጣጣሽና በመስቀል ገበያ ሸጦ እህል ይሸምታል፤ እስከ ጥር የቆየ ቤተሰብ ግን ሁሉም የከሳ በግ ይዞ በወጣበት፣ የእህሉም ዋጋ በናረበት ገበያ ይቆማል። የአንድ መረጃ ዋጋ በእነዚህ ሁለት ገበያዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳዩን ያወሳስበዋል። ከላይ በተገለጸው ስሌት የአንድ ዲግሪ ሙቀት መጨመር ቀዝቃዛውን ቀበቶ ወደ 170 ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋዋል፤ ገብሱም ወደ ጓሳው፣ እርሻውም ወደ ዋልያው መኖሪያ እንዲጠጋ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ከቆየባቸው ምክንያቶች መካከል የእርሻና የግጦሽ ጫና ይገኝበታል፤ በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ አቅራቢያ መዛወራቸውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ከአየር ንብረት መረጃ ተነጥሎ ከተሰጠ ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ ቀበሌ መነሣቱ አይቀርም።

በዚህ መሠረት የዞኑ አስተዳደር አራት ነገሮችን እንዲፈጽም በአክብሮት ይጠየቃል። አንደኛ፣ ዞኑን በቆላ፣ በወይና ደጋ፣ በደጋና በውርጭ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሦስት የውሳኔ ቀኖች እንዲያስቀምጥ፦ የክረምቱ ትንበያ በሚወጣበት በግንቦት፣ የዝናቡ አገባብ በሚለይበት በሐምሌ አጋማሽ፣ አወጣጡ በሚገመትበት በነሐሴ አጋማሽ፤ በእያንዳንዱ የውሳኔ ቀንም የትኛው ምልክት ሲታይ የትኛው ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚሠራ በጽሑፍ እንዲወስን። ሁለተኛ፣ ከዓመታዊው በጀት ለዚሁ ብቻ የሚውል መጠባበቂያ እንዲለይና ምልክቱ ሲሟላ ወረዳው ሌላ ፈቃድ ሳይጠብቅ እንዲጠቀምበት ሥልጣን እንዲሰጠው፤ ግጭት መንገድና ስልክ ሊዘጋ እንደሚችል በ2015 ዓ.ም. ስለታየ፣ ከላይ ትእዛዝ የሚጠብቅ አሠራር በክፉ ቀን አይደርስም።

ሦስተኛ፣ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች በአብዛኛው በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር የተተከሉ በመሆናቸው፣ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በየከፍታው በተመረጡ ቀበሌዎች ተራ የዝናብ መለኪያ እንዲተከልና የሠለጠኑ ገበሬዎች በየጧቱ እንዲመዘግቡ። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩቱ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር የጣቢያን ልኬት ከሳተላይት መረጃ ጋር አዋሕዶ ያዘጋጀው የዝናብ መዝገብ፣ ጣቢያ የሌለበትን ቦታም ስለሚሸፍን ለዚህ ሥራ መነሻ ይሆናል፤ በሸለቆና በገደል የተከፋፈለ አገር ግን በመሬት ላይ በተለካ ዝናብ መታረም አለበት። ገበሬው ከነፋሱ አቅጣጫና ከደመናው አኳኋን የሚያነበውም ከልኬቱ ጎን ቢመዘገብ የትኛው ምልክት እንደሚያስተማምን በዓመታት ውስጥ ይለያል። አራተኛ፣ በየዓመቱ በጥር ትንበያው ምን እንዳለ፣ ዝናቡ ምን እንደሆነ፣ አስተዳደሩም ምን እንደሠራ ለሕዝብ በግልጽ እንዲነገር፤ የተሳተ ትንበያ ከተደበቀ የሚቀጥለውን የሚያምን አይገኝምና።

ገንዘቡ ሊባክን ይችላል የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው፤ መልሱም በተግባሮቹ ምርጫ ውስጥ ይገኛል። ከብት መከተብ፣ መኖ ማከማቸት፣ የምንጭ ማጎልበቻ ሥራን ማስቀደም፣ የገበያ ዋጋን ለቀበሌው ማሳወቅ ዝናቡ ቢጥልም የማያስቆጩ በመሆናቸው በአነስተኛ ዕድል ሊታዘዙ ይችላሉ፤ ብዙ ወጪ የሚጠይቁት ግን ከፍ ላለ ዕድል መቆየት ይገባቸዋል። ደንቡ ለድርቅ ብቻ እንዳይወሰንም ያስፈልጋል፤ ከድርቁ በማግሥቱ ዓመት፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ በጠለምት የደረሰው የመሬት መንሸራተት ቢያንስ የ10 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ተዳፋት ሥር ያሉ ቤቶች ዝናቡ ስንት ቀን ሳያባራ ሲቀጥል እንደሚለቀቁ መወሰን ያለበትም ክረምት ሳይገባ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታትን 32ኛውን የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ልታስተናግድ ተመርጣለች። በዚያ መድረክ ስለ ማኅበረሰብ የመቋቋም አቅም ብዙ መባሉ አይቀርም፤ የሰሜን ጎንደር ዞን ግን እስከዚያ ሳይጠብቅ፣ ከሚቀጥለው የግንቦት ትንበያ በፊት ረቂቅ ደንቡን አዘጋጅቶ ለወረዳዎችና ለቀበሌ ገበሬዎች ውይይት እንዲያቀርብ፣ የውሳኔ ቀኖቹንና የኃላፊዎቹን የሥራ ድርሻም በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ እንዲለጥፍ ይጠየቃል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ
ለአማራ ክልል ግብርና ቢሮ
ባሕር ዳር
ለደባርቅ ዩኒቨርሲቲ
ደባርቅ