የታብሌቱ ጉልበት ለማን ነው?

አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ወደ አገር ቤት ሊመጣ ሲዘጋጅ ደወለና፣ «ጋሼ፣ ለልጅቱ የትኛውን አይፓድ ላምጣላት?» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2025 ለገበያ ሲቀርቡ መደበኛው ከ349 ዶላር፣ ባለ 11 ኢንቹ ፕሮ ደግሞ ከ999 ዶላር ይጀምሩ ነበር። የ650 ዶላር ልዩነት በእኔ ቢጤ መምህር ደመወዝ ሲመዘን ቀላል አይደለም። ለዚህ ልዩነት ከሚቀርቡት ምክንያቶች ዋነኛው የፕሮሰሰሩ ጉልበት ነው።

ለመሆኑ ይህ ጉልበት ለተራው ተጠቃሚ ምን ይፈይዳል? አፕል 28 ቢሊዮን ትራንዚስተሮች ያሉትን ኤም4 በ2024 ከማክ ኮምፒዩተሮቹ አስቀድሞ በታብሌት ላይ አወጣው። ይኸው ቺፕ ማክ ውስጥ ሲገባ የማክ ፕሮግራሞችን ያስኬዳል፤ ታብሌት ውስጥ ሲገባ ግን ይህን አይፈቀድለትም። ብዙዎቻችን በታብሌት የምንሠራው ደግሞ ማንበብ፣ ቪዲዮ ማየትና መጻጻፍ ነው። ገጹ አልከፈት ሲል ጥፋቱ በአብዛኛው የኔትወርክ እንጂ የፕሮሰሰር አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ተቃራኒው ክርክር ሚዛን የሚደፋበት ቦታ አለ። በ2010 የወጣው የመጀመሪያው አይፓድ በ2012 የመጣውን አይኦኤስ 6 መቀበል አልቻለም። ብርቱ ዕቃ የሚገዛ ሰው ተጨማሪ ዕድሜ ይገዛል። የዕድሜውን ልክ የሚወስነው ግን ገዢው ሳይሆን አምራቹ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ ነው። የአፕል ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ አፕል ኢንተለጀንስ፣ በፕሮው ላይ ይሠራል፤ በ2025ቱ መደበኛ አይፓድ ላይ አይሠራም። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት መጨረሻ አገልግሎቱ ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ አልነበረም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ የሚያገኘው በቋንቋው የማያናግረውን አገልግሎት ነው ማለት ነው።

በአንጻሩ በ2012 ትምህርት ቤት ላልነበራቸው የወንጪና የወለንጪቲ አካባቢ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶች ተሰጥተው ነበር። ፕሮሰሰራቸው ባለ ሁለት ኮር፣ 1 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነበር። ሆኖም ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶባቸው የነበረውን ካሜራ ራሳቸው እንደከፈቱት የፕሮጀክቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ተናግረዋል።

ፊልም ለሚያቀናብር ወይም ሥዕል ለሚሥል ባለሙያ ፕሮው ይገባዋል። ለወንድሜ ግን፣ «መደበኛውን አምጣላት፤ በተረፈው መጻሕፍት ግዛላት» አልኩት። መጠየቅ ያለብን የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን፣ በማን ፈቃድና በማን ቋንቋ እንደሚሠራም ጭምር ይመስለኛል።