ነፃ ኮምፓይለር ለክበባችን ይጫንልን!

በዚህ እትም ስለ ኮምፓይለር ያለኝን አስተያየት ላካፍላችሁ።

ኮምፓይለር ማለት እኛ የጻፍነውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ከሰፈራችን ምሳሌ ልስጥ። በ1953 ዓ.ም በተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ ስብሰባ ሲኖር አስተርጓሚዎች ከተናጋሪው ሥር ሥር እየተከተሉ ይተረጉማሉ። ፓይተን የሚሠራው እንደዚያ ነው፤ ፕሮግራሙ በሄደበት ሁሉ አስተርጓሚውም አብሮ መኖር አለበት። ኮምፓይለር ግን መጽሐፉን በሙሉ ተርጉሞ እንደሚያስረክብ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ አንባቢው ተርጓሚውን አይፈልግም።

ይሄ ለእኛ ይጠቅመናል። በኮሪደር ልማቱ ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ የሄዱ ጓደኞች አሉን። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ከክፍል በኋላ ላብ ውስጥ መቆየት አይችሉም። በኮምፓይለር የተሠራውን ፕሮግራም ግን በፍላሽ ይዘው ሄደው ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ላይ ምንም ሳይጭኑ መክፈት ይችላሉ።

ታዲያ የቱን እንምረጥ? አንዳንድ ልጆች «ቪዥዋል ስቱዲዮ ይሻላል» ይላሉ። ለተማሪ የሚሆነው በነፃ ይገኛል፤ ነገር ግን ብዙ ጊጋባይት ይይዛል፣ ሲጫንም ኢንተርኔት ይፈልጋል። የእኛ ኮምፒውተሮች ደግሞ አሮጌ ናቸው። ሌሎች ክራክ የተደረገ ፕሮግራም በፍላሽ ያመጣሉ። እኔ ይሄን አጥብቄ እቃወማለሁ። ነፃው እያለ የተሰረቀ ለምን? ቫይረስ ይዞ ከገባ የሚዘጋው የሁላችንም ላብ ነው።

የእኔ ምርጫ ላዛረስ ነው። ነፃ ሲሆን ፍሪ ፓስካል የተባለው ኮምፓይለር አብሮት ይመጣል። ፓስካል ራሱ ኒክላውስ ቪርት የተባሉ ምሁር ለማስተማሪያ እንዲሆን አስበው በ1970 እ.ኤ.አ ያወጡት ቋንቋ ነው። በላዛረስ በተኑን በማውስ መርጠን መስኮቱ ላይ እናስቀምጣለን፤ «መዝግብ» ብለን በአማርኛ ብንጽፍበትም ይቀበላል። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚፈልግ ኮድ ብሎክስን ይጫን፤ ግን ስሙ ላይ «ሚንጂደብሊው» የሚል ያለበትን ፋይል ያውርድ። አለበለዚያ መጻፊያው ብቻ ይመጣል፣ ኮምፓይለሩ ይቀራል።

ሲጫን እንዲህ ቢደረግ ጥሩ ነው፦

1ኛ. ኮምፒውተሩ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት ማየት።
2ኛ. ከራሱ ከላዛረስ ድረ ገጽ አንዴ አውርዶ፣ ቫይረስ በሌለው ፍላሽ ለሁሉም ማዳረስ።
3ኛ. ሥራችንን ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ያለ ክፍት ቦታ በተጻፈ ፎልደር ማስቀመጥ።
4ኛ. ባዶ መስኮት ከፍቶ ኤፍ 9ን መጫን። መስኮቱ ከመጣ ተሳክቷል ማለት ነው።

«በ2016 ዓ.ም ሐምሌ የተጀመረው 5 ሚሊዮን ኮደርስ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ጥሩ ነው፤ ሁላችንም ብንመዘገብ ደስ ይለኛል። ግን ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው፤ ኔትወርክ በሌለ ቀን እጃችንን የምናፍታታበትም ያስፈልገናል። መዋኘት በወሬ አይለመድምና!

ስለዚህ የአይሲቲ መምህራችንን በአክብሮት የምጠይቀው በሳምንት አንድ ከሰዓት ላቡ እንዲከፈትልንና ላዛረስ እንዲጫንልን ነው። የመጀመሪያ ሥራችን አሁን በደብተር የሚያዘውን የቤተ መጻሕፍታችንን የውሰት መዝገብ በኮምፒውተር መሥራት ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የተቃወማችሁኝም ብትሆኑ አስተያየታችሁን ጽፋችሁ የክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱ። በሚቀጥለው እትም እንገናኝ!