አሁንም እሱኑ?

በቀደም ከእሑድ አምልኮ በኋላ ቆመን ስንጨዋወት አንዲት እህት «ሰሞኑን ምን እያነበብሽ ነው?» አለችኝ። ለመመለስ ትንሽ አፈርኩ። የማነበው ተማሪ ሳለሁ ከግቢ ኅብረታችን ተውሼ ያነበብኩትን፣ ከዚያም ወዲህ ስንት ጊዜ እንደ ደገምኩት የማላስታውሰውን የጆን ቡንያንን መጽሐፍ፣ የመንገደኛውን የክርስቲያንን ታሪክ ነበር። «አሁንም እሱኑ?» አለች እየሳቀች። ክፉ አላሰበችም፤ ቃሉ ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

በመካከላችን አዲስ ነገር የያዘ ሰው እያደገ ያለ ይመስለናል። አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ ትምህርት፣ አዲስ መገለጥ። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለፊልጵስዩስ ሰዎች ያንኑ ነገር ደግሞ መጻፍ እንደማይሰለቸው፣ ለእነርሱም እንደሚጠቅማቸው ነግሯቸዋል (ፊልጵስዩስ 3)። የለንደኑ ሰባኪ ቻርልስ ስፐርጀን ይህንኑ የቡንያንን መጽሐፍ ቢያንስ 100 ጊዜ እንዳነበበው ራሱ ተናግሯል። ብዙ ሺህ መጻሕፍት ስለነበሩት የሚያነበው አጥቶ አይደለም።

ሦስት ልጆች ባሉበት ቤት አዲስ መጽሐፍ ከባድ እንግዳ ነው። ስሙን ያዙልኝ፣ ሐሳቤን ተከተሉልኝ ይላል። የአንዱን የቤት ሥራ አይቼ፣ የሌላዋን ዩኒፎርም አጥቤ፣ ድስቱን አውጥቼ ስመለስ አሥረኛው ገጽ ላይ ሆኜ ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ። የማውቀው መጽሐፍ ግን አይቀየመኝም። ሁለት ገጽ አንብቤ ዘግቼው ከሳምንት በኋላ በፈለግሁት በኩል እገባለሁ፤ ሳይጠሩ ሄደው ካለው እንደሚቋደሱበት የወዳጅ ቤት ነው። (ባለቤቴ ሲደክመው የሚያነሣው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መንፈሳዊ አይደለም ብሎ የሚነቅፈው ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገር።) በእርግጥ መጽሐፉ መደበቂያ የሆነበትም ቀን አለ። ልጄ «እማዬ» ስትለኝ «ቆይ አንዴ» ብያት፣ ያ «አንዴ» አንድ ምዕራፍ የፈጀበት። ያንን አልከላከልለትም።

ስደጋግመው ያገኘሁት ግን ዕረፍት ብቻ አይደለም።

ተማሪ ሳለሁ የምወደው ክፍል መጀመሪያው ነበር። ክርስቲያን ከጥፋት ከተማ ሲወጣ ሚስቱና ልጆቹ ይጣሩበታል፤ እርሱ ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ሕይወት እያለ ይሮጣል። ጀግንነት መሰለኝ። ገና ሃያ ዓመቴ ነበር፤ የምተወውም ሰው አልነበረኝም። የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ያንኑ ገጽ ሳነበው ግን ዓይኔ በሩ ላይ የቀረችው ሴት ላይ ቆመ። ያን ጊዜ የአዳር ጸሎት ከቀረብኝ ወራት አልፈዋል፤ ተንበርክኬ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እርሱ እየሮጠ ነው፣ እኔ ቤት ቀርቻለሁ። ከመንገዱ የወጣሁ መሰለኝና ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩትም።

ሁለተኛውን ክፍል ሁልጊዜ እዘልለው ነበር፤ ዘንዶም ጦርነትም የሚያንሰው ስለመሰለኝ። የወጣው ከመጀመሪያው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1684 ነው። በውስጡ ያቺ የቀረችው ሴት፣ ክርስቲያና፣ አራት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ትነሣለች። ጉዟቸው ቀስ ያለ ነው፤ ያርፋሉ፣ ይበላሉ፣ ልጆቹ ይጠይቃሉ። ታላቁ ልጅ ማቴዎስ መንገድ ላይ ከማይገባ ዛፍ ፍሬ በልቶ ሆዱን ያመዋል። ሐኪም ይጠራል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ልጁ አልውጥም ይላል። እናቱ መድኃኒቱን በምላሷ ጫፍ ቀምሳ ጣፋጭ ነው ትለዋለች። ይህን ያነበብኩት ለትንሿ ልጄ ሽሮፕ ቀምሼ «አየሽ፣ ይጣፍጣል» ባልኩበት ሌሊት ነው። መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ያ የሽሮፕ ማንኪያ መንገዱ ላይ ነበር!

ከዚያ ወዲያም አንድ ልበ ደካማ ሰው እኔን ትታችሁ ሂዱ ሲል መሪያቸው እንጠብቅሃለን ይለዋል፤ በምርኩዝ የሚሄድም ይቀላቀላቸዋል። ያዕቆብ ዔሳውን አንተ ቅደም፣ እኔ በልጆቹ እርምጃ ልክ በዝግታ እመጣለሁ ያለውን (ዘፍጥረት 33) ስንት ጊዜ አልፌው ነበር፤ ቡንያንን ይዤ ስመለስበት አየሁት። ይህን ስል መጽሐፍ ቅዱስ በልብ ወለድ ይተካ ማለቴ አይደለም።

ቡንያንም ቢሆን ቤተሰቡን የረሳ ሰው አልነበረም። በመስበኩ እ.ኤ.አ. ከ1660 ጀምሮ 12 ዓመት ያህል ሲታሰር ሚስቱ ኤልሳቤጥ ከአራት ልጆች ጋር ቀረች፤ ታላቋ ሜሪ ዓይነ ስውር ነበረች። ከእርሷ መለየቱ እንዴት እንዳሳመመው በሌላ መጽሐፉ ጽፎታል፤ እስር ቤት ሆኖም የጫማ ማሰሪያ እየሠራ ቤቱን ይረዳ ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ፣ የሚሮጠውን ሰው የጻፈው ራሱ ወደ ኋላ እየዞረ ያየ ሰው ይመስለኛል።

ለዚያች እህት መጽሐፉን ላውሳት አስቤ ነበር፤ ልጄ ግን አልለቀቀውም። ከትናንት በስቲያ ማታ የማቴዎስን ሆድ ሕመም በራሴ አማርኛ እያቀለልኩ አነበብኩለት። ትናንት ያቺኑ ድገሚልኝ አለኝ። ዛሬ ሌላ ታሪክ ላመጣለት ስል መጽሐፉን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

«አሁንም እሱኑ?» አልኩት።

«አዎ» አለና ወደ እኔ ተጠጋ።