የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ኖታ፦ ለማየት ወይስ ዳግም ለመሥራት?

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ኖታ አያስፈልገውም የሚል አስተያየት ዘወትር ይሰነዘራል። ኖታ ከደራሲው ወደ ተጫዋቹ የሚላክ መልእክት ነው፤ ተጫዋች በሌለበት፣ ድምፁም በቴፕ ወይም በፋይል ተጠናቅቆ በተቀመጠበት ሥራ መልእክቱ ተቀባይ የለውም ይባላል። ይህ ክርክር ግን አንድ ተቀባይ ይዘነጋል፤ እርሱም ሥራውን ከዓመታት በኋላ መመርመርና ዳግም መሥራት የሚሻ ሰው ነው።

ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን እ.ኤ.አ. በ1954 በኮሎኝ ሬዲዮ ስቱዲዮ የሠራው «ሽቱዲ 2» ለዚህ ምስክር ነው። በ1956 የታተመው ኖታ የተለመደው አምስት መስመር የለውም። ከላይ የድምፆቹን ድግምግሞሽ፣ ከመካከል ርዝመታቸውን በቴፕ ሴንቲሜትር፣ ከታች ደግሞ ጥንካሬያቸውን በዴሲቤል ያሳያል። ከ100 ኸርዝ የሚጀምሩት 81 ድግምግሞሾች በእኩል ምጥጥን ይከታተላሉ፤ 25 እርከን ሲወጣ ድግምግሞሹ 5 እጥፍ ይሆናል። ቁጥሮቹ በግልጽ በመጻፋቸው ሥራው ከወረቀቱ ተነሥቶ በኮምፒውተር እንደገና ሊሠራ ችሏል።

የጆርጂ ሊጌቲ «አርቲኩላትሲዮን» የ1958 ሥራ ነው። ራይነር ቬሂንገር በ1970 ያዘጋጀለት ባለቀለም ኖታ ግን ለአድማጭ የታሰበ ነው። ጆሮን በመምራት ረገድ ጥቅሙ አይካድም፤ ሆኖም ቅርጾቹንና ቀለማቱን ብቻ ይዞ ድምፁን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ሁለቱም ኖታ ቢባሉም አገልግሎታቸው የተለያየ ነው።

በኮምፒውተር ሙዚቃ ፕሮግራሙ ራሱ ኖታ ስለሆነ ችግሩ የተፈታ ሊመስል ይችላል። የጆን ቻውኒንግ «ስትሪያ» ይህን እምነት ይፈትናል። በ1977 የቀረበው ይህ ሥራ በ1.618 ምጥጥን ላይ የተገነባ ነው። የተሠራበት ኮምፒውተር ከአገልግሎት ስለወጣ፣ በ2007 «ኮምፒውተር ሚውዚክ ጆርናል» ላይ ጥናታቸውን ያወጡ ተመራማሪዎች ሥራውን በአዳዲስ ፕሮግራሞች መልሰው መገንባት ነበረባቸው። ማሽን ብቻ የሚያነበው ጽሑፍ ከማሽኑ ጋር ያረጃል።

የዜማ ምልክት ይህን ነጥብ ያብራራል። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደላት ለተማረ ሰው ሙሉ ዜማን ያስታውሳሉ፤ ከመምህር እግር ሥር ላልተቀመጠ ግን ብዙም አይናገሩም። ጎደሎውን የሚሞላው መምህሩ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እንዲህ ያለ የመምህራን ሰንሰለት የለውም፤ ስለዚህ መምህሩ በቃል የሚያስተላልፈውን ኖታው ራሱ መያዝ አለበት።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ድምፅ በቁጥር አይጻፍም። ፒየር ሼፈር በ1948 ከባቡር ድምፅ የሠራውን ሙዚቃ የትኛውም ኖታ ከባዶ ሊፈጥረው አይችልም። ይህ ግን ምንጩ የሆነው ቅጂ ከኖታው ጋር አብሮ እንዲቀመጥ ያስገድዳል እንጂ ኖታን ከንቱ አያደርግም።

ስለሆነም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ድርሰትን እንደ መመረቂያ ሥራ የሚቀበል የትምህርት ክፍል የድምፅ ፋይል ብቻ ተረክቦ መርካት የለበትም። ድግምግሞሹ በኸርዝ፣ ጊዜው በሰከንድ፣ ጥንካሬው በዴሲቤል፣ የድምፁ አሠራርም በማንኛውም ባለሙያ በሚነበብ ቋንቋ ሊጻፍ ይገባል። መመዘኛውም ቀላል ነው፦ ሌላ ተማሪ የደራሲውን ኮምፒውተር ሳይነካ ከሥራው አንዱን ደቂቃ ከኖታው ተነሥቶ መሥራት ከቻለ ኖታው ተግባሩን ፈጽሟል።