ርዕሰ አንቀጽ፦ «ታስሮ ነበር» ስለሚባል ወሬና ስለ ወንጀል መዝገብ



የሌሊት ዘበኛ ለመቅጠር በተነሣን ጊዜ የሆነው ነገር ከብዙዎቻችሁ የተሰወረ አይደለም። ሦስት ሰዎች አመለከቱ። ከሦስቱ አንደኛው በሥራውም በጠባዩም ይሻላል ተብሎ ስሙ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ «እሱማ ወልድያ ታስሮ ነበር እኮ!» የሚል ወሬ ተነሣ። ማን እንዳስነሣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ኮሚቴውም፣ ማለት እኛው፣ ነገሩን ሳናጣራ ስሙን ከሰሌዳው አነሣን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰውዬው በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ እግር ሄዶ የፖሊስ ማስረጃ አምጥቶ ጠረጴዛችን ላይ አኖረልን። ወረቀቱ የተመዘገበበት ጥፋት የለም ይላል። ለካስ በአንድ ጠብ ተጠርጥሮ ተይዞ፣ ቃሉን ሰጥቶ፣ ክስ ሳይቀርብበት የተለቀቀ ሰው ኖሯል። ቦታው ግን ያን ጊዜ ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ሰውዬው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ፤ አንድ ቃል እንኳ አልተናገረንም። ቢቆጣን ይሻለን ነበር።

እንግዲህ ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ የኛው ነው። ነገር ግን የቤት ሠራተኛ የሚቀጥር፣ ባጃጁን ለሰው የሚያስነዳ፣ ቤት የሚያከራይ፣ ልጁን የሚድር ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃልና፣ የወንጀል መዝገብ ማን ዘንድ እንዳለና እንዴት እንደሚጠየቅ ማወቁ ለሁላችንም ይበጃል።

በመጀመሪያ «ታስሮ ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ሰው ሲያዝ ተጠርጣሪ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይባላል፤ ጥፋተኛ የሚባለው ፍርድ ቤት መርምሮ ሲፈርድበት ብቻ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በአንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ሰው የመቆጠር መብት አለው ይላል። በጣቢያ ሁለት ሌሊት ያደረና አሥር ዓመት ወህኒ የኖረ ሰው በኛ አፍ ግን ሁለቱም «ታስሮ ነበር» ይባላሉ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሁለቱ አንድ ሰው ሆነው ይቀራሉ።

ከአባሎቻችን አንዱ በስብሰባ ላይ «ታዲያ ለምን ሄደን መዝገቡን አናየውም? አሜሪካ ያለው ልጄ እዚያ ማንም ሰው ያያል ይለኛል» ሲሉ ጠይቀው ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በአሜሪካ «ካውንቲ» የሚሉት፣ በኛ ወረዳ ወይም ዞን ሊመስል የሚችል አስተዳደር አለ። በብዙዎቹ ካውንቲዎች የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት የክስና የፍርድ መዝገቦችን ይዞ በስምና በልደት ቀን ለሚጠይቅ ሁሉ ያሳያል፤ ዛሬ በኮምፒዩተርም የሚታይበት አለ። ሆኖም እዚያም ቢሆን ስም ከስም እየተጋጨ ያልበደለው ሰው ሥራ የሚያጣበት ጊዜ አለ። ይህ አሠራር ወደኛ ቢመጣ ምን ይሆን ነበር? መርሳ ገበያ መካከል ቆሞ «ሰይድ መሐመድ!» ብሎ የተጣራ ሰው ስንት ሰው ዞር እንደሚልለት የሐብሩ ሰው ያውቀዋል። የአያት ስም ቢጨመርም እንኳ ሁለትና ሦስቱ ዞረው እንደቆሙ መቅረታቸው አይቀርም።

በኛ አገር ነገሩ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይገኛል።

አንደኛው ፍርድ ቤት ነው። የሐብሩ ወረዳ ፍርድ ቤት እዚሁ መርሳ ነው፤ ከበድ ያለው ጉዳይ ወልድያ ወዳለው የሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለው ባሕር ዳር ነው። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። ዝግ የሚሆነው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ መሆኑን ይኸው አንቀጽ 20 ይናገራል። ስለዚህ ቁጭ ብሎ መስማት ለማንም አልተከለከለም። መዝገብ ማስወጣት ግን ሌላ ነው። ሬጅስትራሩ የሚጠይቃችሁ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የባለጉዳዮቹን ስም፣ የተፈረደበትን ዓመት ነው። የውሳኔ ግልባጭ የሚወስደው በመጀመሪያ ደረጃ ባለጉዳዩ ነው፤ ሌላ ሰው ከሆነ ለምን እንደፈለገው ይጠየቃል። «የእገሌን ጥፋት ሁሉ አውጡልኝ» ተብሎ የሚገለጥ አንድ ትልቅ መጽሐፍ የለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ለማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ ነገር ግን የሌላን ሰው የግል መረጃ ለይቶ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ፖሊስ ነው። የተፈረደበት ሰው ስም ከነአሻራው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከወንጀል ነፃ የሚባለውን ማስረጃ የሚጠይቀው ራሱ ባለቤቱ ነው፤ ጎረቤት ሄዶ ሊያወጣለት አይችልም። አመልካቹ መታወቂያውንና ፎቶግራፉን ይዞ ይቀርባል፣ ለምን እንደሚፈልገው ይናገራል፣ የአሥር ጣቱን አሻራ ይሰጣል፣ ክፍያውን ይከፍላል። ብልኃቱ አሻራው ላይ ነው። መቶ ሰይድ መሐመድ ቢኖር አሻራው የአንዱ ብቻ ነው። ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው የፌዴራል ፖሊስ ማስረጃ ነው፤ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ሊጠየቅበት ይችላል። ለአገር ውስጥ ሥራ ሲሆን ቀጣሪው የየትኛውን ፖሊስ ወረቀት እንደሚቀበል አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ አለዚያ የመኪናና የአልጋ ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። ወረቀቱም ለዘለዓለም አያገለግልም፤ ቀኑ ሲቆይ «አድስ» ይባላልና ሥራው ሳይቀርብ ቀድሞ ማውጣት አያዋጣም።

«የቀበሌ ደብዳቤስ?» የሚል አይጠፋም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲቋቋሙ የፍርድ ሥልጣን ጭምር ተሰጥቷቸው ነበርና፣ ሽማግሌዎቻችን የቀበሌን ማኅተም እንደ ፍርድ ቢያዩት አይፈረድባቸውም። ዛሬ ግን የቀበሌ ደብዳቤ ሰውዬው ነዋሪ መሆኑን ይመሰክራል እንጂ ወንጀል መሥራት አለመሥራቱን ሊመሰክር አይችልም። የኛ ማኅበር ደብዳቤማ ከዚያም ያንሳል። በቅሬው «ጠባዩን እናውቃለን» ብሎ መመስከር መልካም ነው፤ ከዚያ አልፎ መጻፍ ግን ውሸት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በእውነት የተፈረደበትና ቅጣቱን የጨረሰ ሰውስ? ስለዚህ ሰው በኮሚቴው ውስጥ ሁላችንም አንድ ሐሳብ አልነበረንም። አንዳንዶቹ «ሌባ ሌባ ነው» አሉ። ሕጉን ስንመለከተው ግን ከኛ ይልቅ ታጋሽ ሆኖ አገኘነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 138 የተከሳሹ የቀድሞ ጥፋት ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ለፍርድ ቤት እንዳይገለጥ ደንግጓል። ዳኛው እንኳ የያዘውን ጉዳይ በአሮጌ ጥፋት እንዳይመዝን ነው። ዳኛ እንዳይሰማ የተከለከለውን እኛ ምን ቤት ነን!

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ «መሰየም» የሚለው ነገር አለው። ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላ ጽኑ እስራት ከነበረ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌላው ቅጣት ቢያንስ 2 ዓመት በመልካም ጠባይ የኖረ፣ የተፈረደበትን ካሣም እንደ አቅሙ የከፈለ ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱን ማሠረዝ ይችላል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሠረዛል፣ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ያን ጥፋት እያነሣ የሚነቅፈውም ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። በሠፈራችን ይህን የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። ወልድያ ቅጣቱን ፈጽሞ ተመልሶ፣ አግብቶ ወልዶ፣ ዛሬም ሥራ ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው ግን አለ።

ስለ ወረቀት አያያዝም ጥቂት እንበል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ስንት መሥሪያ ቤት እንደተዘረፈ ያየነው ነው። ስለዚህ በነፃ የተሰናበተ፣ ክሱ የተቋረጠለት ወይም የተሰየመ ሰው የውሳኔውን ግልባጭ በማኅተም አስወጥቶ በቤቱ ይያዝ፤ አንድ ቅጂም ከከተማው ውጭ ላለ ዘመድ ይስጥ። የመዝገብ ቁጥሩን በተለይ ጽፎ ያኑር። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው መዝገብ ቤት በር ላይ ስንት ቀን እንደሚመላለስ የደረሰበት ያውቀዋል።

ኮሚቴው በመጨረሻው ስብሰባው የሚከተለውን ወስኗል። ማኅበሩ ለሚቀጥረው ዘበኛ የፖሊስ ማስረጃ የሚጠየቀው ሰውዬው ከተመረጠ በኋላ ነው፤ የማውጫውን ገንዘብ የሚከፍለው ማኅበሩ ነው። ስለ አመልካች የሚነገር ወሬ በቃለ ጉባኤ አይያዝም። በማስረጃው ጥፋት ቢገኝም ሰውዬው ቀርቦ ሳይሰማ ስሙ አይሰረዝም። የመሰየም ማመልከቻ መጻፍ የሚፈልግ አባል ካለ ጽሑፍ የሚችሉ ሁለት አባሎች ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤታችን ይገኛሉ፤ የመጣው ሰው ማንነት ለማንም አይነገርም።

ያ ሰው አሁን በሌላ ሠፈር በዘበኝነት ተቀጥሯል ሲባል ሰምተናል። ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ቤቱ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀውታል። ቡና አፍልቶ ተቀብሏቸዋል፤ የዘበኝነቱን ነገር ግን አላነሣም፤ እነሱም አላነሡትም።