ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

ወገኖቼ፤ መንገደኛ ነኝ። ዳውንታውን አትላንታ ቆሜ የዌስቲን ሆቴልን ፎቅ አንጋጥጬ አየሁ። በማርች 14 ቀን 2008 ቶርኔዶ የሰባበራቸው መስኮቶቹ ተተክተዋል። መስታወት ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም ስል ሐሳቤ ጎፋ ሄደ።

በጁላይ 22 ቀን 2024 በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትም በሁለተኛው ቀሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ አበቃም። የእናት ሐዘን ግን በአዋጅ አያበቃም።

እኛም ለቅሶ ደርሰን፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለን እንበተናለን። ሐዘን የሚብሰው ግን ድንኳኑ ሲነሣ ነው። አጠገባችሁ ሐዘንተኛ ካለ፣ ከአርባውም ከሙት ዓመቱም በኋላ በሩን አንኳኩ፤ ስልክ ደውሉ። የሟቹን ስም ለመጥራትም አትፍሩ።