ሐረጎን የወጣ ጄኔሬተር ምን ያህል ጉልበት ይቀረዋል?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ የሚገባ መኪና ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ሽቅብ ደግሞ 600 ሜትር ገደማ ይወጣል። ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ሾፌሩ የሐረጎን ዳገት በማርሹ ያውቀዋል። ጄኔሬተር ገዝቶ ወደ ሱቁ የሚያስጭነው ነጋዴ ግን ዳገቱን በሒሳቡ ውስጥ ሲያስገባው አይታይም። ኪሳራውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። የታወቁ የአነስተኛ ሞተር አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው እንደሚያሰፍሩት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይጠፋል። በዚህ ስሌት ኮምቦልቻ ላይ ከአምስት እጅ አንዱ፣ ደሴ ላይ ደግሞ ከሩብ በላይ፣ ወደ 29 በመቶ የሚጠጋው አየር ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ይህን ወደ ገንዘብ እንመንዝረው ቢባል፣ 5 ኬቪኤ የተጻፈበት ጄኔሬተር በተለመደው የ0.8 ምጣኔ ሲሰላ 4 ኪሎ ዋት ነው። ኮምቦልቻ ሲደርስ 3.1፣ ደሴ ሲደርስ 2.8 ኪሎ ዋት ይሆናል። ደሴ ላይ ምግብ ቤት ከፍቶ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር እንጀራ ለመጋገር ያሰበ ሰው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት እንደሚፈልግ የሚረዳው ዕቃውን አስጭኖ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ካበቃ በኋላ ነው። ሻጩም አልዋሸም። የሸጠው 5 ኬቪኤ ነው፤ የት ከፍታ ላይ እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ጉዳዩ የዋዛ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱ ከተሞች ድረስ በዘለቀበት ወቅት ንብረታቸው የተዘረፈባቸው ነጋዴዎች ዕቃቸውን እንደ አዲስ መግዛት ነበረባቸው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ማሽን በብር ሲታሰብ ዋጋው ሰማይ ነካ። ዱሮ አንድ የተሳሳተ ግዢ የወር ትርፍ ይበላ ከነበረ ዛሬ መነሻ ካፒታሉን ነው የሚበላው።

ሁለተኛው ወጥመድ ሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሸከመውን ከፍተኛ መጠን ያመለክታል። ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ከሞተሩ ጎን በተለጠፈችው ትንሽ ብረት ላይ አለ፤ መነበብ ያለባት እሷ ናት። ሁለት ማቀዝቀዣ ያለው ሥጋ ቤት እንውሰድ። ማቀዝቀዣ ሲነሳ ከመደበኛ ፍጆታው ብዙ እጥፍ ለቅጽበት ይስባል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተነሱ ጄኔሬተሩ ይንገዳገዳል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ሲደጋገምም የማቀዝቀዣው ሞተር ይቃጠላል። ተራ በተራ ማስነሳት ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ጄኔሬተር «ትልቅ ነው» ተብሎ ለተራ ሱቅ መግዛትም እንዲሁ ነው፤ በአንዱ መስመር የሚገኘው ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር የትኛው ነው? ቮልቴጅን የሚያስተካክለው መሣሪያ ለኮምፒውተርና ለማተሚያ ቤት ግድ ነው። ዘይት ሲጎድል ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ደግሞ፣ ጄኔሬተሩን ለተቀጣሪ ትቶ ለሚሄድ ባለሱቅ፣ ከማናቸውም ይበልጣል። ጥቅል ሽቦው መዳብ ይሁን አሉሚኒየም መጠየቅ ያስፈልጋል። ዋጋው ረክሶ፣ ክብደቱም ከእኩዮቹ ቀለል ያለ ከሆነ መጠርጠር ነው። ሞተሪኖና ባትሪ ያለውን በተመለከተ ሐሳብ ሊለያይ ይችላል። አልፎ አልፎ ለሚሠራ ማሽን ባትሪው ተቀምጦ ይሞታልና ገመዱ ይበቃል፤ በደሴ የታኅሣሥ ብርድ ማለዳ ገመድ መጎተት ለሚከብዳት ሠራተኛ ግን ቅንጦት አይደለም። ባለ ቀለም ማሳያና የሚያብረቀርቅ ክፈፍ ለሻጩ ይተዉ።

በቀን ብዙ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ናፍጣው፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ከሆነ ቤንዚኑ ያዋጣል። ኮምቦልቻ ላሉ ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ በከፍታ የሚያጣው አነስተኛ ነው። ከመግዛት በፊት ፋሻውና ካርቡራተሩ ደሴ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ማጣራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መርካቶ ድረስ ሰው ከመላክ ይሻላል።

አስመጪዎችም ከወቀሳ አያመልጡም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ብዙዎቹ የንግድ ከተሞቻችን ደገኞች ናቸው። በ2,000 እና በ2,500 ሜትር ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጥ ዕቃው ላይ በአማርኛ መለጠፍ የሚያስወጣው የወረቀት ዋጋ ነው። «ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው» የሚለው መልስ እውነትነት ቢኖረውም፣ ያልተነገረውን ከየት አምጥቶ ይጠይቅ? እስከዚያው ገዢው አንድ አምፑል በርታ ብሎ ሲያይ «ይሠራል» ብሎ መክፈሉን ይተው። ምጣዱን ወይም ማሞቂያውን ይዞ ሄዶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ያሠራው። አዲስ አበባ ላይ የተሸከመውን ደሴም ላይ ይሸከማል ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ጥቁር ጭስ የሚያወጣና ካንዴላው ቶሎ ቶሎ የሚጠቁር የቤንዚን ጄኔሬተር የግድ የተበላሸ አይደለም። አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ስለበዛበት ሊሆን ይችላል። ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምትለካው ባለ ቀዳዳ ብሎን ለከፍታ በተሠራች ጠበብ ባለች ስትቀየር ጭሱም የነዳጅ ብክነቱም ይቀንሳል። የጠፋው ጉልበት ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። እንዲህ የተስተካከለውን ማሽን ለባቲ ወይም ለሚሌ የሚያከራይ ወይም የሚሸጥ ሰው የቀድሞዋን ብሎን መልሶ ማስገባት አለበት፤ ቆላ ላይ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።